የሳጥኔ ኪራይ

ድንኳን አከራይ ነኝ፤ ወንበርና ሳህን፣
ለሰርግም፣ ለሐዘን።
ሁለት ድምፅ ማጉያም አሉኝ፣ ቁመታቸው ከኔ የሚስተካከል፤
ሳጥን እላቸዋለሁ።
አንደኛው ደህና ነው፤ አንደኛው ሲጮኽ ደረቱን ያመዋል።

በሰኔ መባቻ ልዑልሰገድ መጣ፣
ካሜራ አንገቱ ላይ፣ ከአፉ ማር እየወጣ።
«እትዬ ይርገዱ፣ ፊልም እየሠራን ነው፤
ዘፈኑ ሬጌ ነው፣ ኑሮው የሰፈር ነው።
ያን ትልቁን ሳጥን ለስድስት ቀን ይስጡን፤
ፊልሙ ሲታይ፣ ከበር ቆመው ይቀበሉን።»

«ይሁን» አልኩ። ጻፍኩት። በቀን ሁለት መቶ፤
በስድስት ተባዝቶ
አንድ ሺህ ሁለት መቶ።

ጥጋቡ፣ ዘፋኙ፣ የዲፖ ሊስትሮ፣
ጠጉሩን ገምዶ ገምዶ፣ እንደ ሾላ ሥር ቋጥሮ።
ፈንቴ፣ ከበሮ መቺው፣ ባለ ባጃጅ ነው፤
ነዳጅ ወረፋ ላይ
መሪ እየደበደበ ምት የተማረ ነው።
ቤዝ ጊታር የያዘው ኑርዬ ግን ሌላ ነው፤
ጧት ጧት ሐይቁ ዳር ታንኳ ማሰር ነው ሥራው።
ደንገል እየሳበ፣ ልጥ እያጠበቀ፣
አውራ ጣቱ በስሎ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ጊታሩ ሦስት ገመድ፤ አራተኛው ቀርቷል።
«ቅር አይበልሽ» ይላል፣
«ሬጌ ማለት እኮ ዝም ማለት ማወቅ ነው።
አንድ ሲባል፣ ተይው።
ሁለትን አሳልፊ። ሦስት ላይ ውረጂበት።
መቅዘፊያም እንዲሁ ነው፤
ውኃው ሲመጣ ሳይሆን፣ ሲሄድ ነው ግፊበት።»

ስድስት ቀን ቀረጹ።
ሌባ ሁን የተባለ ልጅ ሲሮጥ ገበያ መኻል፣
ድርሰት መሆኑን ለባለ ድንቹ ማን ነግሮታል?
ያዘው። አቀመሰው።
ልዑልሰገድም «አቁሙ» ማለት ሲገባው፣
«እሰይ! እንዲህ ነው!» እያለ ቀረጸው።
በስድስተኛው ሌት፣ አባይ ከሐይቁ ሲወጣ፣
ጉማሬ ብቅ ብሎ ቤዙን አዳመጠ አሉ።
እኔ አላየሁም፤ ያዩት ግን ይምላሉ።

ክረምቱ አለፈ። ስልክ አይነሳም።
መስቀልም አለፈ፤ አንድ ብር አልመጣም።
ኅዳር ላይ ተለጠፈ፣ በቪዲዮ ቤቱ በር፣
ግማሹ የጥጋቡ ጠጉር፣
ግማሹ ወረቀት ነበር።
ደብተሬን በብብቴ፣ መቀነቴን አጥብቄ፣
ለጠብ ሄድኩ ታጥቄ።

ጨለማ። አግዳሚ። የላብና የኦቾሎኒ ሽታ።
ከፊቴ ኑርዬ፣ ልጁን ሰዓዳን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በዝምታ።
ሐይቁ መጣ። የዘንባባው መንገድ መጣ።
ጥጋቡ ዘፈነ፣ ፈንቴ ላቡን አወጣ፤
ሌባውም ተያዘ፣ ቤቱ በሳቅ ተሰነጠቀ።
ኑርዬ ግን አልመጣም።
አንድ ሰዓት ጠበቀ።

ፊቱ ተቆርጧል። ምናልባት ዕድሜው፣
ምናልባት ጥርሱ፤ ማን ያውቃል ምክንያቱን፣
መቀስ የያዘ ሰው አይናገር ፍርዱን።
ድምፁ ግን አለ፤ ከወለሉ ሥር፣
ከአግዳሚው እግር፣
እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ዘግየት ብሎ፣
አንድን ዘሎ።

ከዚያ፣ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ፣
ጣቶች ታዩ፤ ሦስት ገመድ፤
ከኋላ ሳጥኔ ደረቱን ይዞ ሲያለቅስ፤
እና አንድ አውራ ጣት፣ ለሁለት የተሰነጠቀ።
«አባ! ጣትህ!» አለች ሰዓዳ። ሰዉ ዞረ።
ኑርዬ እጁን ኪሱ ከተተ፤ አፈረ።

እኔም ተነሥቼ
«ያ ሳጥን የኔ ነው!» አልኩ፣ ክንዴን ዘርግቼ።
«ቁጭ በይ!» አሉኝ።
ቁጭ አልኩኝ።

ሲወጡ ልዑልሰገድ ከበሩ ቆሟል፣
ፊቱ ወዝቷል።
ኑርዬ ቀድሞኝ አለፈ፣ ምንም ሳይጠይቅ፤
ልጁ ያንኑ ጣት በጭብጧ ይዛ፣
አንድን ዝም፣ ሁለትን ዝም፣
ሦስት ላይ መሬቱን በጫማዋ ስትደልቅ።

ደብተሬን ገለጥኩኝ።
ከሳጥኑ ሒሳብ ሥር «የኑርዬ አውራ ጣት» ብዬ ጻፍኩበት፤
ዋጋውን አላወቅሁም፣ ባዶ ተውኩበት።
ልዑልሰገድ ፈገግ አለ፤ «እትዬ፣ ነገ» አለኝ።
አንድ። ዝም አልኩኝ።
«ቢበዛ ቅዳሜ» አለኝ።
ሁለት። ዝም አልኩኝ።
ኮሌታውን ሊያስተካክል እጁን ሲያነሣበት፣
ሦስት ላይ
ወረድኩበት።